አስፈራሪው የሚያውቀው፣ ወላጅ የማያውቀው

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ታንካኖክ በምትባል ትንሽ ከተማና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወላጆች ከአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤው የተላከው ከ16 እስከ 20 ለሚሆኑ ተማሪዎች ቤተሰቦች ነው። መልእክቱ ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነበር፦ የልጅዎ ስም የሕፃናትን የብልግና ምስል ከመያዝና ከማሰራጨት ጋር በተያያዘ ምርመራ ተነስቷል፤ ያዘጋጀነውን ትምህርት ተከታትሎ ከጨረሰ ክስ አይመሰረትበትም፤ እምቢ ካለ ግን ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ኦክቶበር ነው። የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ከተማሪዎች እጅ የወሰዷቸውን ስልኮች ሲያዩ ራቁታቸውን ወይም በከፊል ራቁታቸውን የሆኑ ልጃገረዶች ፎቶ አገኙ። ወንዶቹ ተማሪዎች ፎቶዎቹን ከስልክ ወደ ስልክ ሲቀባበሏቸው ከርመዋል። ስልኮቹ ጆርጅ ስኩማኒክ ለሚባለው ዐቃቤ ሕግ ተላለፉ።

ደብዳቤው ለማን ተላከ? ፎቶው ስልካቸው ላይ ለተገኘባቸው ልጆችና ፎቶው ላይ ለሚታዩት ልጃገረዶች። ፎቶውን ላሰራጩት ልጆች ደብዳቤ አልተላከላቸውም። ይህ በኋላ በፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ተመዝግቦ የቀረ ሐቅ ነው።

ከልጃገረዶቹ ሁለቱ የሚታዩበት ፎቶ ከተነሳ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖታል። ያኔ የ13 ዓመት ገደማ ልጆች ነበሩ። የውስጥ ልብስ ለብሰው አንዷ ስልክ ታወራለች፣ ሌላዋ በሁለት ጣቷ የሰላም ምልክት ታሳያለች። የተዘጋጀላቸው ትምህርት ምን እንዳጠፉና ጥፋታቸው ለምን ጥፋት እንደሆነ ድርሰት እንዲጽፉ የሚጠይቅ ነበር። የሦስት ልጃገረዶች ወላጆች «ልጆቻችን ያልሠሩትን ጥፋት አምነው አይጽፉም» ብለው ዐቃቤ ሕጉን ከሰሱት። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ማርች 17 ቀን 2010 በሰጠው ውሳኔ ወላጆቹን ደገፈ። ልጅን ማነጽ የወላጅ መብት ነው፣ ዐቃቤ ሕግ በክስ እያስፈራራ የራሱን የሥነ ምግባር ትምህርት በግድ ሊሰጥ አይችልም አለ። ስኩማኒክ ግን ያኔ በቦታው አልነበረም። በኖቬምበር 2009 ምርጫ ተሸንፎ ስለነበር መዝገቡ የሚጠራው በተተኪው ስም ነው።

የታንካኖክ ታሪክ ዛሬ ብዙም አይወራም። ሞት የለበትም፣ ደም የለበትም። ነገር ግን ልጆች በስልክ የሚላላኩት ነገር አደጋ ሲያመጣ አዋቂዎች መጀመሪያ የሚያደርጉትን ነገር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ ማግኘት ይከብዳል። አዋቂዎች መጀመሪያ የሚሄዱት ፎቶው ላይ ወደምትታየው ልጅ ነው። ያሰራጨው፣ ያስፈራራው፣ ገንዘብ የጠየቀው በኋላ ይታሰባል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይታሰብም። ይህን የአዋቂዎች ልማድ ከወላጆች ቀድሞ በደንብ ያወቀው ደግሞ አስፈራሪው ነው።

▪️ ግማሹ የተረሳው ምክር

ወላጆችን ስለ ኢንተርኔት ማስተማር የተጀመረው ከዚያ 15 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በ1994 የአሜሪካው የጠፉና የተበዘበዙ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል ላሪ ማጊድ የተባለ የቴክኖሎጂ ጋዜጠኛ የጻፋትን አንዲት ትንሽ ቡክሌት አሳተመ። ኢንተርኔት ገና በስልክ መስመር እየተንጫጫ በሚገባበት ዘመን ነው።

ቡክሌቷ ለወላጆች ከሰጠቻቸው ምክሮች አንዱ በዓለም ዙሪያ ተደጋግሞ ተነግሯል፦ ኮምፒውተሩን ልጁ መኝታ ክፍል አታስቀምጡት፣ ሁሉም የሚያየው ቦታ ላይ ይሁን። ሁለተኛው ምክር ለልጆቹ በተዘጋጀው የደንብ ዝርዝር ውስጥ ነበር። የሚያስጨንቅ መልእክት ቢደርስህ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ወዲያው ለወላጆችህ ንገር የሚል ይዘት ያለው ነው።

አዋቂዎች የመጀመሪያውን ያዙ፣ ሁለተኛውን ረሱ። ኮምፒውተር ሳሎን ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ ጠረጴዛ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚጠይቀው። «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ማለት ግን የወላጅን ልብ ማንቀሳቀስ ይጠይቃል።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን የባዕድ ሰው ፍርሃት ዘመን ነው። ከ2004 እስከ 2007 የአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን በኢንተርኔት ልጆችን የሚያድኑ ጎልማሶችን እያጠመደ ካሜራ ፊት የሚያቆም ፕሮግራም አቀረበ። ሕዝቡ ተጣብቆ ተመለከተው። ከዚያ ዘመን የቀረው ስዕል ልጅ መስሎ የሚያወራ የማይታወቅ ሽማግሌ ነው። በ2008 ግን የኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጉዳዩን ሲያጠኑ ያገኙት ሌላ ነበር። ከተጠቁት ታዳጊዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ከአዋቂ ጋር መሆኑን ያውቁ ነበር። የሳባቸው ማታለል ሳይሆን ማባበል ነበር፤ የሚያደምጣቸው፣ ቆንጆ ነሽ የሚላቸው፣ ፍቅር የሚነግራቸው ሰው ማግኘታቸው።

በዚህ መሃል መሣሪያው ራሱ ተቀየረ። የመጀመሪያው የጽሑፍ መልእክት በእንግሊዝ የተላከው ዲሴምበር 3 ቀን 1992 ነው፤ የገና መልካም ምኞት ነበር። በ2000 ጃፓን ውስጥ ካሜራ ያለው ስልክ ገበያ ላይ ዋለ። በ2007 አይፎን መጣ። ሳሎን ይቀመጥ የተባለው ኮምፒውተር ካሜራ ተገጥሞለት የልጁ ኪስ ውስጥ ገባ። ማታም ብርድ ልብስ ስር አብሮት ይተኛል።

በ2009 ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል ስልክ ያላቸውን ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆኑ አሜሪካውያን ታዳጊዎች ጠየቀ። የራሳቸውን እርቃን ወይም ለእርቃን የቀረበ ፎቶ ልከናል ያሉት 4 በመቶ ናቸው። የሚያውቁት ሰው እንዲህ ያለ ፎቶ ደርሶናል ያሉት ግን 15 በመቶ። የላኪው ቁጥር ትንሽ ነው፣ የተቀባዩ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት «ፎርዋርድ» ይባላል።

▪️ ሲንሲናቲ፦ እናት ያየችው መቅረቷን ነው

ጄሲካ ሎጋን በኦሃዮ ግዛት ሲንሲናቲ ከተማ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። 18 ዓመቷ ነው። ለፍቅረኛዋ እርቃን ፎቶዋን ላከችለት። ሲለያዩ ፎቶው ወደ ሌሎች ተማሪዎች ወጣ፣ ከዚያም ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ዞረ። በአዳራሽ፣ በስልክ፣ በኢንተርኔት ስድቡ ተከተላት።

እናትየዋ መጀመሪያ የደረሳት የፎቶው ወሬ አይደለም። ልጅሽ ከክፍል ትቀራለች የሚል የትምህርት ቤት ደብዳቤ ነው። እናት እንደ ማንኛውም ወላጅ አደረገች፤ መኪናዋን ቀማቻት፣ ራሷ እየነዳች ታደርሳት ጀመር። ልጅቱ መቅረቷን አላቆመችም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚጠብቃትን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። እናት የሚታየውን ምልክት ስትቀጣ በሽታው ተደብቆ ቆየ።

በሜይ 2008 ጄሲካ ፊቷን ሸፍና በአካባቢው ቴሌቪዥን ቀረበች። ሌሎች ልጆች ከእሷ እንዲማሩ ነው የተናገረችው። ከሁለት ወር በኋላ፣ በጁላይ፣ በገዛ እጇ ሕይወቷ አለፈ። በ2012 ኦሃዮ ትምህርት ቤቶች በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጸም ማንገላታትን በደንባቸው እንዲያካትቱ የሚያዝ ሕግ አወጣች። ሕጉ በስሟ ይጠራል።

▪️ ካናዳ፦ ሁለት ዓመት ያልለቀቀ ሰው

የአማንዳ ቶድ ታሪክ የሚለየው ወላጆቿ ያውቁ ስለነበር ነው። አማንዳ በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ፖርት ኮኪትላም ነዋሪ ነበረች። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች በቪዲዮ መነጋገሪያ ድረ ገጽ ያገኘችው ሰው አሞካሽቷት፣ አግባብቷት ለአፍታ ደረቷን አሳየች። ያቺ አፍታ ተቀድታ ቀረች። ከዚያ በኋላ ሰውየው በፌስቡክ መጣ፦ በካሜራ የምጠይቅሽን ካላደረግሽ ፎቶውን እበትነዋለሁ። የትምህርት ቤቷን፣ የጓደኞቿን፣ የዘመዶቿን ስም ያውቅ ነበር። እምቢ ስትል በተነው። ትምህርት ቤት ስትቀይር ተከትሎ በአዲሱም በተነው።

ቤተሰቡ ለፖሊስ በተደጋጋሚ አመለከተ። የካናዳው ሲቢሲ በ2013 ባቀረበው የምርመራ ዘገባ እንደታየው ከፖሊስ የተሰጠው ምክር ልጅቱ ከኢንተርኔት ትራቅ ወደሚል ያዘነበለ ነበር። ሰውየው ሳይፈለግ ልጅቱ እንድትደበቅ ተመከረች።

ሴፕቴምበር 7 ቀን 2012 አማንዳ አንድ ቃል ሳትናገር ታሪኳን በካርዶች ላይ ጽፋ፣ ካርዶቹን አንድ በአንድ ለካሜራ እያሳየች ዩቲዩብ ላይ ጫነች። ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ነው። ኦክቶበር 10 ቀን ሕይወቷን አጠፋች። 16 ዓመት ሊሞላት ሳምንታት ቀርተዋት ነበር።

አይዲን ቾባን የተባለው ሰው በጃንዋሪ 2014 በኔዘርላንድስ ተያዘ። በ2017 የዚያ አገር ፍርድ ቤት በሌሎች በርካታ ሰዎች ላይ በፈጸመው ተመሳሳይ ወንጀል 10 ዓመት ከ8 ወር ፈረደበት። ከዚያ ወደ ካናዳ ተላልፎ በ2022 በአማንዳ ጉዳይ ተዳኘ። ችሎቱ 22 የሐሰት አካውንቶችን እያፈራረቀ ሲያሳድዳት እንደነበር ሰማ። ኦክቶበር 14 ቀን 2022 የ13 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በ2023 መጨረሻ ኔዘርላንድስ ውስጥ ቅጣቱ ወደ 6 ዓመት ተቀንሶ ጸና። ልጅቱ ከሞተች ፍርዱ እስኪሰጥ አሥር ዓመት አለፈ።

እናትየዋ ካሮል ቶድ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ እየዞረች ወላጆችን ታስተምራለች። የእሷ ታሪክ የሚያስተምረው አንድ መራራ ነገር አለ። ወላጅ ማወቁ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ፖሊሱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ጎረቤቱም ልጅቱን እንደ ጥፋተኛ ማየቱን ማቆም አለበት።

▪️ ሚሺጋን፦ አንድ ሌሊት

ለረጅም ጊዜ ይህ የሴት ልጆች ጣጣ ተደርጎ ይታይ ነበር። ወንድ ልጅ ያላቸው ወላጆች «የኛ ወንድ ነው» ብለው ይተኙ ነበር። ዘመኑ ግን ተገለበጠ።

ጆርዳን ደሜይ በሚሺጋን ግዛት ማርኬት ከተማ የሚኖር የ17 ዓመት ልጅ ነበር። በማርች 2022 አንድ ሌሊት ኢንስታግራም ላይ ሴት ልጅ የምትመስል አካውንት አዋራችው። ፎቶ ተለዋወጡ። የእሱ ፎቶ እንደደረሰ ቋንቋው ተቀየረ፦ 1,000 ዶላር ላክ፣ አለበለዚያ ለቤተሰብህና ለጓደኞችህ እልከዋለሁ። ልጁ 300 ዶላር ላከ። አልበቃቸውም። ነግቶ ወላጆቹ ሳይሰሙ፣ ሁሉም ነገር በሰዓታት ውስጥ አልቆ ነበር።

ከአካውንቱ ጀርባ የነበሩት ሌጎስ፣ ናይጄሪያ የሚኖሩ ሳሙኤልና ሳምሶን ኦጎሺ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። በኦገስት 2023 ለአሜሪካ ተላልፈው ተሰጡ፤ በሴፕቴምበር 2024 እያንዳንዳቸው 17 ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደባቸው።

የአሜሪካው ኤፍቢአይ በዲሴምበር 2022 ለሕዝብ ባወጣው ማስጠንቀቂያ በአንድ ዓመት ውስጥ በልጆች ላይ የተፈጸመ የዚህ ዓይነት ማስፈራራት ከ7,000 በላይ ጥቆማ እንደደረሰ፣ ቢያንስ 3,000 ልጆች እንደተጠቁና አብዛኞቹ ወንዶች እንደሆኑ፣ ከ12 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን እንዳጠፉ ገለጸ።

የአማንዳ አሳዳጅ ሁለት ዓመት ፈጀ። የጆርዳን አስፈራሪዎች አንድ ሌሊት በቃቸው። በእነዚህ አሥር ዓመታት ማስፈራራት ከአንድ ሰው አባዜ ወጥቶ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ሆነ። የሥራው ዘዴ ግን አንድ ነው። አስፈራሪው ልጁን አያውቀውም፣ ቤቱን አያውቅም፣ አባቱ ክፉ ይሁን ደግ አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ለአባቱ ከሚነግር ይልቅ ያለውን ሁሉ መስጠት ይቀለዋል። ሥራው በሙሉ የቆመው በዚህች እውቀት ላይ ነው። ልጁ ተነስቶ መኝታ ቤት አንኳኩቶ «አባዬ፣ አንድ ነገር ሠርቻለሁ» ካለ የአስፈራሪው ንግድ እዚያው ይከስራል።

▪️ እኛ ቤት

በኢትዮጵያ የሞባይል አገልግሎት የተጀመረው በ1991 ዓ.ም ነው። የአሜሪካ ታዳጊዎች ቴክስት መላላክ ቋንቋቸው በሆነባቸው ዓመታት እዚህ አገር የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተቋርጦ፣ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በሚሊኒየሙ መባቻ ተመለሰ። ሌላው ዓለም ከቤት ኮምፒውተር ወደ ቴክስት፣ ከቴክስት ወደ ስማርት ስልክ ደረጃ በደረጃ ሲሄድ፣ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ኮምፒውተር ሳሎኑ ሳይገባ ስማርት ስልክ ኪሱ ገባ። «ኮምፒውተሩን ሳሎን አስቀምጡ» የሚለው ዘመን እዚህ አልነበረም።

ከዚያ መጋቢት 2012 መጣ። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች የቤት ሥራውን በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። «ስልክ ለትምህርት ነው» ተብሎ ለልጆች ተገዛ፣ ወይም የእናት ስልክ ለልጅ ተሰጠ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ስልኩ አልተመለሰም። መምህሩ የቤት ሥራ በሚልክበት መተግበሪያ ላይ ማንም ለማንም የፈለገውን ይልካል።

ሕጉ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ግልጽ ወሲባዊ ድርጊት የሚታይበትን ምስል ወይም ቪዲዮ ማዘጋጀትን፣ ማስተላለፍን፣ ማሰራጨትን፣ መያዝን ጭምር ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ልጅን ወሲብ ነክ መልእክት፣ ፎቶ ወይም ቪዲዮ እየላኩ ማባበል ከ5 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። አንቀጽ 13 ደግሞ ሰውን ወይም ቤተሰቡን በኮምፒውተር አማካኝነት በሚሰራጭ ጽሑፍና ምስል ማስፈራራትን ወንጀል ያደርገዋል። ኮምፒውተር ሲባል ስልክም ያው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አዋቂ የማያስተውለው ነገር አለ። የአንዲት ተማሪ ቪዲዮ ሲወጣ «ኧረ የማን ልጅ ናት? ወላጆቿ ይስሙ!» ብሎ ለዘመድ ግሩፕ የሚልክ ሰው ራሱን እንደ ተቆርቋሪ ያያል። በአዋጁ ዓይን ግን አሰራጭ ነው። በታንካኖክ ደብዳቤ ያልደረሳቸው ልጆች ያደረጉትን ነው እሱም ያደረገው። «ለማስረጃ» ብሎ ስልኩ ላይ የሚያከማችም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

በውጭ አገር ባሉ ቤቶች ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። በዋሽንግተንና በአካባቢው አባት የሌሊት ፈረቃ ሲሠራ፣ እናት ቅዳሜና እሁድ ሆስፒታል ስትሆን፣ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ የሚያነበውና የሚተረጉመው ልጁ ራሱ የሆነባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። የአባትን ስልክ የሚያስተካክለው፣ የይለፍ ቃሉን የሚያወጣው እሱ ነው። እንዲህ ባለ ቤት «ስልክህን እየከፈትኩ አያለሁ» የሚለው ቁጥጥር ለይስሙላ ነው። የሚሠራው ልጁ ራሱ የሚያወራበት መንገድ መኖሩ ነው።

ባህላችን ገመናን መሸፈን ያስተምራል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባለ ያደገ ልጅ ችግሩን ውጦ መቀመጥን ጨዋነት ያደርገዋል። «ምን ይሉኝ» የሚለው ፍርሃት ከዛቻው በላይ ይጫነዋል። ግን ያው ባህል ሌላም ተረት አለው፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»። አስፈራሪ ለሚያሳድደው ልጅ የሚያስፈልገው ይኸኛው ነው፤ የሚያስታውሰው ግን የመጀመሪያውን ነው።

▪️ ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ?

«ልጅን አለመቆጣት ማለት መልቀቅ ነው» የሚል ወላጅ አለ። ስጋቱ ተገቢ ነው። ደንብ ያስፈልጋል፤ ስልክ ማታ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፣ የማይታወቅ ሰው በቪዲዮ አይወራ፣ እርቃን ፎቶ ለማንም አይላክ፣ ለሚወዱት ሰውም ቢሆን። ደንብ ግን ከአደጋው በፊት የሚነገር ነው። አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚወርደው ቁጣ ደንብ አይሆንም፤ አስፈራሪውን ማገዝ ነው።

ልጁ መጥቶ ከተናገረ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ወሳኝ ናት። «ነግረኸኝ ጥሩ አደረግህ፣ አብረን እንወጣዋለን» ማለት በቂ ነው፤ የተቀረው ጥያቄ ይደርሳል። ያን ሌሊት ልጁን ብቻውን አለመተው ነው። ገንዘብ አለመክፈል፤ ጆርዳን ከፍሎ አልተፈታም። ንግግሩን አለማጥፋት፤ የአካውንቱን ስም፣ ዛቻውን፣ ገንዘብ ላክ የተባለበትን ቁጥር ስክሪንሾት አንስቶ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ብሎክ ማድረግ፣ ለመድረኩ ሪፖርት ማድረግ፣ ለፖሊስ ማመልከት። የልጁን ፎቶ ግን ለማስረዳት ብሎ ለማንም አለመላክ።

በ1994 ያቺን ቡክሌት ያሳተመው ማዕከል በ2023 «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት ጀምሯል። 18 ዓመት ሳይሞላው የተነሳውን እርቃን ፎቶ ማንኛውም ሰው በየትም አገር ሆኖ ማመልከት ይችላል። ፎቶው ከስልኩ አይወጣም፤ የሚላከው የፎቶው መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ሌሎች የተስማሙ መድረኮች በዚያ ቁጥር ፎቶውን ለይተው ያወርዳሉ። በግል የተመሰጠሩ መልእክቶችን አይደርስባቸውም፤ ሆኖም ልጁን ሳይወቅስ የሚረዳ መሣሪያ ነው።

የታንካኖኩ ዐቃቤ ሕግ ደብዳቤውን ለወላጆች ጻፈ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ሳይጻፍ የቀረው ደብዳቤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄደው ነው። ረጅም መሆን የለበትም፤ ዛሬ ማታ እራት ላይ በቃል ሊነገር ይችላል። «ልጄ፣ ስልክህ ላይ የፈለገው ነገር ቢደርስ፣ አንተ ራስህ ያጠፋኸውም ቢሆን፣ መጀመሪያ ወደ እኔ ና። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን ቀስቅሰኝ። የዚያን ለት አልቆጣህም።»

ይህ የተነገረው ልጅ አስፈራሪው «ለአባትህ እልከዋለሁ» ሲለው የሚመልሰው አለው፦ አባቴ ያውቃል።

ቸር ያሰማን።